አንድ ሞደም፣ ሦስት ሲስተም፦ የዳያል-አፕ ዝግጅት በዊንዶውስ 98፣ በማክ ኦኤስ 9 እና በሊኑክስ

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2000 መጨረሻ ነው። በአንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፦ ዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም የተጫነበት ፒሲ፣ ማክ ኦኤስ 9 የሚሠራበት ሲሪያል ፖርት ያለው ፓወር ማክ ጂ3፣ እና ደቢያን 2.2 ሊኑክስ የተጫነበት ሌላ ፒሲ። በስልክ መስመር እየተደወለ የሚገባበት (ዳያል-አፕ) የኢንተርኔት አካውንቱ አንድ ነው። ሞደሙም አንድ ነው፤ በሮክዌል ቺፕ የሚሠራ፣ የቪ.90 ደረጃን የሚያውቅ፣ ከውጭ በሲሪያል ገመድ የሚሰካ የ56 ኪሎቢት ሞደም። አገልግሎት ሰጪው የሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የስልክ ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል እና ሁለት የዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይር ሰርቨር) አድራሻዎች ሰፍረዋል። ከሥሩ ያለው መመሪያ የተጻፈው ለዊንዶውስ ብቻ ነው።

ሞደሙ በየተራ ከሦስቱም ጋር ተሰካ። ዊንዶውሱ ያለ ብዙ ጣጣ ገባ። ማኩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ነገር ግን አንድም ገጽ አይከፍትም፤ ይህ ከተስተካከለ በኋላም ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀመር መስመሩ ይቋረጣል። ሊኑክሱ ይደውላል፣ ሞደሙ ጮኾ ከወዲያኛው ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል። የቢሮው ሰዎች «ዊንዶውስ ይሻላል፣ ፍጥነቱም ይበልጣል» ብለው ደመደሙ። ስለ ፍጥነቱ የተባለው ፈጽሞ ስህተት ነው። ስለ መሻሉ የተባለው ደግሞ ወረቀቱ ለዊንዶውስ ስለተጻፈ ብቻ እውነት የመሰለ ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዞችና የፋይል ስሞች ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን ሰፍረዋል፤ ማሽኑ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ጥሪው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

ሦስቱም ሲስተሞች ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚነጋገሩት ሁለት ማሽኖችን በአንድ መስመር በሚያገናኘው ፕሮቶኮል በፒፒፒ ነው፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ አርኤፍሲ 1661 ነው። አንድ ጥሪ አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ያልፋል። መጀመሪያ ሁለቱ ሞደሞች ይገናኙና በፍጥነትና በስህተት ማረሚያ ላይ ይስማማሉ። ቀጥሎ ኤልሲፒ የሚባለው ክፍል ስለ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) መጠንና ስለ ማንነት ማረጋገጫው ዓይነት ይደራደራል። ሦስተኛው ማረጋገጫው ራሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እንዳለ የሚልከው ፓፕ፣ ወይም ቃሉን ሳይልክ ማወቁን የሚያስመሰክረው ቻፕ። አራተኛው አይፒሲፒ ሲሆን የአይፒ አድራሻ የሚታደለው እዚያ ነው። አምስተኛው ከፒፒፒ ውጭ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፓኬቱን በየትኛው በር እንደሚያስወጣና ስምን ወደ ቁጥር ማን እንደሚቀይርለት ማወቅ አለበት።

«ኢንተርኔት አልሠራ አለ» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ ጥሪው ከነዚህ በየትኛው ላይ እንደቆመ ማወቅ ሥራውን በግማሽ ያቀላል። የቢሮው ማክ የቆመው አምስተኛው ላይ፣ ሊኑክሱ ሦስተኛው ላይ ነበር። ሁለቱ ችግሮች የማይገናኙ ቢመስሉም ለማኩም ችግር መልሱን የሰጠው የሊኑክሱ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ነው።

ከሲስተሙ በፊት፦ መስመሩና ሞደሙ

የቢሮው ስልክ ፒኤቢኤክስ በሚባለው የውስጥ ስልክ ማዞሪያ በኩል ያልፋል። ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ይጫናል። ስለዚህ ቁጥሩ ፊት «9,» ተጨመረ፤ ኮማዋ ሞደሙን 2 ሰከንድ ታስቆመዋለች። ቢሆንም ሞደሙ የማዞሪያውን ድምፅ እንደ ስልክ ድምፅ ስላላወቀው «መስመር የለም» ብሎ ይመለሳል። መድኃኒቱ «ኤቲኤክስ3» የሚባለው የሞደም ትእዛዝ ነው፤ የመስመር ድምፅ ሳይጠብቅ ይደውላል፣ መስመር ሲያዝ ግን አሁንም ይለያል። ማክ ኦኤስ 9 ላይ ይህ በሞደም ፓነሉ ውስጥ የመስመር ድምፅን ችላ የሚያስብል አንድ ምልክት ነው። ዊንዶውስ 98 ላይ በሞደሙ የኮኔክሽን ገጽ ያለውን «ከመደወል በፊት ድምፅ ጠብቅ» የሚለውን ማጥፋት ነው። ሊኑክስ ላይ ትእዛዙ በእጅ ይጻፋል።

ማዞሪያው ሌላም መዘዝ አለው። ቪ.90 ከ33.6 ኪሎቢት በላይ የሚያወርደው ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ተጠቃሚው ባለው መንገድ ላይ ዲጂታሉ ወደ አናሎግ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ነው። ዲጂታል ማዞሪያ በመሃል ሲገባ ሁለተኛ መቀየሪያ ይጨመራል፣ ሞደሙም ወደ ቀድሞው የ33.6 ኪሎቢት ደረጃ፣ ወደ ቪ.34 ይወርዳል። ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ይህን አያስተካክልም። ሞደሙ ማዞሪያውን ወደማያልፈው ወደ ፋክሱ መስመር ሲዛወር ግንኙነቱ 45333 ሆነ። ቁጥሩ የተቆራረጠ የሚመስለው የቪ.90 እርከኖች በ8000/6፣ ማለትም በ1333 ከሲሶ ቢት ልዩነት ስለሚወጡ ነው፤ ከ45333 በላይ ያለው 46667 ነው፣ ከዚያ 48000።

ዊንዶውሱ ይበልጥ ፈጣን የመሰለበት ምክንያት እዚህ ላይ ተገኘ። ዊንዶውሱ «በ115200 ተገናኝቷል» ይል ነበር፣ ማኩ ግን 45333። 115200 በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው የገመድ ፍጥነት ነው፤ የስልክ መስመሩ ፍጥነት አይደለም። ሞደሙ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚነግር የሚወስነው ትእዛዝ በሮክዌል ቺፖች ላይ «ደብሊው2» ነው። ይህ በዊንዶውሱ የሞደም ቅንብር ውስጥ ተጨማሪ ትእዛዝ ማስገቢያው ላይ ሲጻፍ ዊንዶውሱም 45333 ማለት ጀመረ። የገመዱ ፍጥነት ግን 115200 ላይ መቆየት አለበት። ቪ.42ቢስ የሚባለው መጭመቂያ ጽሑፍን እስከ አራት እጥፍ ሊያጭቅ ስለሚችል ከመስመሩ የሚመጣው ሲፈታ ከ45333 በላይ ይሆናል። በሲሪያል ገመድ ላይ አንድ ባይት 10 ቢት ስለሚወስድ 115200 በሰከንድ 11520 ባይት ብቻ ነው፤ ይህም ብዙ አይደለም።

ሞደም ማስታወሻ እንዳለው ብዙ ሰው ይረሳል። «ኤቲ&ደብሊው» የወቅቱን ቅንብር በማይጠፋ ማኅደር ያኖራል፣ «ኤቲዜድ» ያንኑ መልሶ ይጠራል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ያስቀመጠው ሌላው ላይ ይገለጣል፤ ሞደሙ እየተዘዋወረ ሲሠራ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። በሦስቱም ላይ መነሻው ወደ ፋብሪካ ቅንብር የሚመልሰው «ኤቲ&ኤፍ» እንዲሆን ተደረገ። በዩኤስ ሮቦቲክስ ሞደሞች ላይ ግን «&ኤፍ1» ነው መባል ያለበት፤ እዚያ «&ኤፍ0» የሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያውን ያጠፋዋል።

ዊንዶውስ 98

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። ዳያል-አፕ ኔትወርኪንግ ካልተጫነ ከኮንትሮል ፓነል የፕሮግራሞች መጫኛ ውስጥ ከዊንዶውስ ክፍሎች መካከል ይመረጣል፤ ሲዲውን መጠየቁ አይቀርም። ቲሲፒ/አይፒ በዊንዶውስ 95 በእጅ መጨመር ነበረበት፣ በ98 ግን አብሮ ይመጣል። በማይ ኮምፒውተር ውስጥ አዲስ ግንኙነት ተፈጥሮ ቁጥሩ ከገባ በኋላ ሊነካ የሚገባው የሰርቨር ዓይነት ገጹ ነው። በዲፎልት «ወደ ኔትወርክ ግባ»፣ ኔትቢዩአይ እና አይፒኤክስ/ኤስፒኤክስ ምልክት አለባቸው። ሦስቱም ይነሣሉ፤ ለኢንተርኔት የሚያስፈልገው ቲሲፒ/አይፒ ብቻ ነው፣ የቀሩት በድርድር ሰዓት ይበላሉ። «የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ጠይቅ» የሚለው እንደጠፋ ይቆያል። ይህ አገልግሎት ሰጪ የሚቀበለው ፓፕ ስለሆነ ያ ምልክት ቢበራ ግንኙነቱ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይሞታል።

ዲኤንኤሱ የሚጻፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። በኮንትሮል ፓነሉ የኔትወርክ ገጽ የሚጻፈው ለመላው ማሽን ይሆናል፤ በግንኙነቱ ባሕርይ ውስጥ ባለው የቲሲፒ/አይፒ ቅንብር የሚጻፈው ለዚያ ጥሪ ብቻ ነው። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። የወረቀቱ መመሪያም ያንኑ ስለሚል ዊንዶውሱ በቀጥታ ሠራ።

የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ሳጥን ደብዝዞ አልጫን ካለ «ክላየንት ፎር ማይክሮሶፍት ኔትወርክስ» አልተጫነም ማለት ነው። እሱ ሲጫን ግን የፋይል ማጋሪያው ከዳያል-አፕ አዳፕተሩ ጋር ታስሮ እንዳይቀር መታየት አለበት፤ ከታሰረ የቢሮው ፎልደር ለመላው ዓለም የተከፈተ በር ነው። የማሽኑን አድራሻ የሚያሳየው «ዊንአይፒሲኤፍጂ» ሲከፈት ጌትዌዩ (ፓኬት ወደ ውጭ የሚወጣበት በር) ከራሱ ከማሽኑ አድራሻ ጋር አንድ ሆኖ ቢታይ አያስደነግጥም። ዊንዶውስ 98 በፒፒፒ ላይ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚያሳየው።

ዊንዶውስ ስህተቱን የሚናገረው በቁጥር ነው፦ 680 የመስመር ድምፅ የለም፣ 676 መስመር ተይዟል፣ 678 የሚመልስ የለም፣ 691 ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል፣ 720 ከወዲያኛው ጋር በፕሮቶኮል አልተስማማም። ቁጥሩ ደረጃውን ይጠቁማል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። ዊንዶውስ 98 ሎግ የለውም የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ተደብቆ ነው። በኔትወርክ ገጹ የዳያል-አፕ አዳፕተሩ ባሕርይ ውስጥ፣ አድቫንስድ ላይ፣ «የሎግ ፋይል መዝግብ» ወደ «አዎ» ሲቀየር በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፒፒፒሎግ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይፈጠራል። የሞደሙ ሎግ ከሞደሙ ባሕርይ ለብቻው ይበራል።

ማክ ኦኤስ 9

ማክ ላይ ሥራው በሦስት ኮንትሮል ፓነሎች ተከፍሏል፦ ሞደም፣ ቲሲፒ/አይፒ እና ሪሞት አክሰስ። አከፋፈሉ ከጥሪው ደረጃዎች ጋር ስለሚገጥም ከሦስቱ ሲስተሞች በአሳብ የጠራው ይህ ነው። ሞደም ፓነሉ ላይ ፖርቱና የሞደም ስክሪፕቱ ይመረጣሉ። ሪሞት አክሰስ ላይ ስም፣ የይለፍ ቃልና ስልክ ቁጥር ይገባሉ። ቲሲፒ/አይፒ ላይ የግንኙነቱ መንገድ ከኤተርኔት ወደ ፒፒፒ፣ ውቅሩ ደግሞ «በፒፒፒ ሰርቨር» ወደሚለው ይቀየራል። መንገዱ ኤተርኔት ላይ ከተረሳ ሪሞት አክሰስ እንደተገናኘ ሰዓት እየቆጠረ ይቀመጣል፣ ብሮውዘሩ ግን ምንም አያገኝም።

የቢሮው ማክ መንገዱ ትክክል ነበር፤ ባዶ የቀረው የስም ሰርቨር ሳጥኑ ነው። «ሰርቨሩ ይልከዋል» ተብሎ ነው የተተወው። ችግሩ ዲኤንኤስ መሆኑን ለመለየት ብሮውዘሩ ላይ በስም ፈንታ የአንድ ድረ ገጽ አይፒ ቁጥር ተጻፈ፤ ገጹ ተከፈተ። አድራሻዎቹ ከወረቀቱ ተገልብጠው ሳጥኑ ውስጥ በየመስመሩ ሲገቡ የመጀመሪያው ችግር አበቃ። አገልግሎት ሰጪው ለምን እንዳልላከው ሊኑክሱ ላይ እንደርሳለን።

ሁለተኛው ችግር ከሁሉም ይበልጥ ሰው ያደከመው ነው። ገጾች ይከፈታሉ፣ ኢሜይል ይሄዳል፣ ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀመር ግን ሞደሙ ስልኩን ይዘጋል። መስመሩ ተጠረጠረ፣ አገልግሎት ሰጪው ተወቀሰ። ጥፋቱ ገመዱና አንድ የሞደም ቅንብር አብረው የፈጠሩት ነው።

የፒሲ ሲሪያል ፖርት ሁለት የተለያዩ የምልክት ሽቦዎች አሉት። ዲቲአር «ኮምፒውተሩ አለ» ይላል። አርቲኤስ «ዳታ ላክ፣ ቆይ፣ ላክ» እያለ ፍሰቱን ይቆጣጠራል። የማኩ ባለ 8 ፒን ክብ ፖርት ግን ለመውጫ ያለው አንድ የምልክት ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ የሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያ ያለው የማክ ገመድ ያንን አንድ ሽቦ በሞደሙ ጫፍ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ባለ 25 ፒን ሶኬት ላይ ወደ ፒን 4 እና ወደ ፒን 20፣ ማለትም ወደ አርቲኤስ እና ወደ ዲቲአር። ማኩ ዳታ በዝቶበት «ቆይ» ሲል ሽቦውን ያወርዳል፤ አብሮ ዲቲአርም ይወርዳል። ሞደሙ «&ዲ2» ላይ ከሆነ ደግሞ የዲቲአር መውረድ ትርጉሙ «ስልኩን ዝጋ» ነው። ጥቂት ዳታ ሲመጣ ማኩ «ቆይ» የሚልበት ምክንያት ስለሌለ ምንም አይታይም። ትልቅ ፋይል ሲጎርፍ ግን የመጀመሪያዋ «ቆይ» ጥሪውን ትገድላለች።

«&ዲ2» ሞደሙ ላይ የተቀመጠው በፒሲዎቹ ሲሠራ ነው፤ ለፒሲ ትክክለኛው ያ ነው። ማኩ ላይ የተመረጠው ደግሞ የሞደሙ የራሱ ስክሪፕት ሳይሆን በእነዚሁ የኤቲ ትእዛዞች ለሚሠራ ለማንኛውም ሄይስ-ነክ ሞደም የሚሆነው ጠቅላላ ስክሪፕት ስለነበር ያገኘውን ሳይነካ ተወው። የሞደም ስክሪፕቶች በሲስተም ፎልደሩ የኤክስቴንሽን ክፍል ውስጥ የሚቀመጡ፣ ሲሲኤል በተባለ ቋንቋ የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ናቸው። የፖርቱን ፍጥነትና ለሞደሙ የሚላኩትን ትእዛዞች በሙሉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሞደሙ አምራች ያዘጋጀው ስክሪፕት ሲመረጥ «&ዲ0» ስለያዘ መቋረጡ ቀረ። አምራቹ ስክሪፕት ለሌለው ሞደም ጠቅላላውን ቀድቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በመነሻው ትእዛዝ ውስጥ «&ዲ0» መጨመር ያው ውጤት አለው። ለማክ ሞደም ሲገዛ ገመዱ ብቻውን ሳይሆን ስክሪፕቱም አብሮ መኖሩ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሊኑክስ

ደቢያኑ ፒሲ ውስጥ ቀድሞውኑ አንድ የፒሲአይ ሞደም ነበር። የካርዶቹን ዝርዝር የሚያሳየው «ኤልኤስፒሲአይ» ሲባል በሲሪያል መቆጣጠሪያነት ሳይሆን «ኮሚዩኒኬሽን ኮንትሮለር» ተብሎ ይታያል፤ ዊንሞደም ለመሆኑ ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ ሥራውን ለዊንዶውስ ድራይቨር ትቶ የስልክ ሶኬቱን ብቻ የያዘ ነው ማለት ይቻላል። ለአንዳንዶቹ ቺፖች የሊኑክስ ድራይቨር ቢኖርም ከኬርነል (የሲስተሙ እምብርት) ስሪት ጋር የታሰረ በመሆኑ ለቢሮ ሥራ አይመከርም። የውጭው ሞደም ይህን ሁሉ ያስቀራል። በዊንዶውስ ኮም1 የሚባለው ፖርት እዚህ «ቲቲዋይኤስ0» ነው፣ ኮም2 ደግሞ «ቲቲዋይኤስ1»፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ብዙ ሰው በአንድ ይስታል። ተጠቃሚው «ዳያልአውት» እና «ዲአይፒ» በተባሉት ግሩፖች ውስጥ ካልገባ ደግሞ ፖርቱንም፣ ፒፒፒን የሚያካሂደውን ፕሮግራም ፒፒፒዲንም መንካት አይፈቀድለትም።

ከዚያ ወረቀቱ የማይናገረው ጥያቄ መጣ፦ ሰርቨሩ ፒፒፒን በቀጥታ ይጀምራል ወይስ መጀመሪያ በጽሑፍ ስም ይጠይቃል? «ሚኒኮም» በተባለው የሞደም ማነጋገሪያ ፕሮግራም በእጅ ተደውሎ ታየ። ሞደሞቹ ከተያያዙ በኋላ ስም የሚጠይቅ መስመር ቢመጣ ስክሪፕቱ ስምና የይለፍ ቃል መተየብ ነበረበት። የመጣው ግን ~ እና } እና # እና ! የተደባለቁበት ቆሻሻ ነው፤ ያ የኤልሲፒ ፓኬት ነው፣ ስለዚህ ሰርቨሩ በቀጥታ ፒፒፒ ይጀምራል። የቆዩ መመሪያዎች ላይ ያለው የ«ሎግኢን» ጥበቃ እዚህ ቢገለበጥ ለሞደሙ ትእዛዝ የሚልከው ፕሮግራም «ቻት» የማይመጣ ጽሑፍ እየጠበቀ ይቆይና ይዘጋል።

የ«ቻት» ስክሪፕቱ አጭር ሆነ። መስመር ሲያዝ፣ ድምፅ ሲጠፋ ወይም ግንኙነቱ ሲከሽፍ እንዲያቆም የሚያዙ መስመሮች፤ «ኤቲ&ኤፍ»፤ በፒሲ ላይ «&ዲ2»፤ «ኤቲዲቲ» ከነቁጥሩ፤ ከዚያ «ኮኔክት» የሚለውን መጠበቅ። ሁለት ጥቃቅን ወጥመዶች አሉት። «ኖ ዳያልቶን» የሚለውን መልስ አንዱ ሞደም አጣብቆ ሌላው ነጥሎ ስለሚጽፈው ሁለቱንም ማስገባት ይሻላል። የ«ቻት» የጥበቃ ጊዜ ደግሞ በዲፎልት 45 ሰከንድ ሲሆን ሞደሙ በኤስ7 ሬጅስተሩ የሚጠብቀው 50 ነው፤ ስልኩ ዘግይቶ በተነሣ ቀን ሞደሞቹ ገና እየተግባቡ «ቻት» ተስፋ ይቆርጣል። ወደ 60 ከፍ ተደረገ።

አሁንም ጥሪው ይያያዛል፣ ይዘጋል። በፒፒፒዲ ላይ «ዲበግ» ሲበራ ሎጉ እንዲህ አለ፦ «የወዲያኛው ሲስተም ማንነቱን ለማረጋገጥ እምቢ ብሏል፤ መስመሩን እዘጋለሁ»። የቢሮው ሰው ይህን አንብቦ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ አስተካከለ። መልእክቱ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ አገልግሎት ሰጪው ለእኛ ማንነቱን ያሳይ የሚል ጥያቄ ከራሳችን ማሽን ወጥቷል። በደቢያን የፒፒፒ «ኦፕሽንስ» ፋይል ውስጥ «ኦዝ» የሚለው አማራጭ አስቀድሞ በርቷል። ምክንያት አለው፤ ማሽኑ ሌሎችን የሚቀበል ሰርቨር ከሆነ ያልታወቀ ሰው ዘው እንዳይል ነው። ማንም አገልግሎት ሰጪ ግን ለደዋዩ ራሱን አያረጋግጥም። ለዚህ ጥሪ በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ «ኖኦዝ» ሲጨመር ጉዳዩ አለቀ። ዊንዶውስና ማክ ይህን ጥያቄ ሲጀመርም አያነሱትም።

ቀጥሎ ፓፕ ላይ ተከለከለ፤ ሰርቨሩ ስሙን ወይም የይለፍ ቃሉን አልቀበልም አለ። ያው ስምና ያው ቃል ሁለቱ ሌሎች ማሽኖች ላይ ይሠራሉ። የይለፍ ቃሉ መሃል ላይ # አለበት። «ፓፕ-ሲክሬትስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ደግሞ # ማለት ከዚህ በኋላ ያለው ማስታወሻ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የተላከው ከ# በፊት ያለው ግማሽ ብቻ ነበር። ቃሉ በትእምርተ ጥቅስ ሲከበብ ሙሉው ተላከ። ክፍት ቦታ ያለበት ቃልም እንዲሁ መከበብ አለበት። ፋይሉ ከሩት (ከማሽኑ አስተዳዳሪ) በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱ 600 ይሁን።

ከዚያ አይፒሲፒ። «ዩዝፒርዲኤንኤስ» የተባለው አማራጭ የዲኤንኤስ አድራሻ ከሰርቨሩ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በመነሻው የፒፒፒ ድርድር ውስጥ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በአርኤፍሲ 1877 የተጨመረ ነው፣ ዋናው ዲኤንኤስ 129፣ ተጠባባቂው 131 የሚል ቁጥር አላቸው። ሎጉ ላይ ሰርቨሩ ሁለቱንም አማራጮች በውድቅ መልስ መለሳቸው፣ የአይፒ አድራሻ ግን ሰጠ። የማኩ ሳጥን ባዶ ሆኖ ለምን እንዳልሠራ ማብራሪያው ይህ ነው። ማኩ «ተገናኝቷል» ብሎ ዝም ያለበትን፣ ዊንዶውሱ ወረቀቱን ስለተከተለ ያልገጠመውን ነገር ሊኑክሱ በሁለት መስመር ተናገረ። አድራሻዎቹ በሊኑክሱ የዲኤንኤስ ፋይል በ«ሪዞልቭ.ኮንፍ» ውስጥ በእጅ ተጻፉ።

የመጨረሻው እንቅፋት አምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ማሽኑ በኤተርኔት ካርዱ በኩል ቀድሞ የተሰጠው ዲፎልት ራውት (የፓኬቶች ዋና መውጫ) ነበረው። «ዲፎልትራውት» የሚለው አማራጭ ነባሩን አይተካም፤ «ያለውን አልተካም» ብሎ በሎጉ ውስጥ ይጽፍና ያልፋል። ግንኙነቱ አለ፣ ፓኬቶቹ ግን ወደ ቢሮው ኔትወርክ ይሄዳሉ። «ራውት -ኤን» ሲባል በዜሮ የሚጀምረው መስመር ወደ «ፒፒፒ0» ካልጠቆመ ችግሩ እዚህ ነው። ጌትዌዩ ከኤተርኔት ቅንብሩ ተነሣ።

ስክሪፕት መጻፍ ለማይፈልግ «ፒፒፒኮንፊግ» በጥያቄና መልስ እነዚህን ፋይሎች ይሞላል፣ ከዚያ በ«ፖን» መደወል በ«ፖፍ» መዝጋት ነው። «ደብሊውቪዳያል» ደግሞ ሞደሙን ራሱ ይፈልጋል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሲከሽፉ ግን የሚነበበው ያው የፒፒፒዲ ሎግ ነው።

ሦስቱን በአንድ መስመር

ሦስቱም በየተራ መሥራት ከቻሉ በኋላ ቀሪው ጥያቄ ሞደሙን ማን ይያዝ የሚል ነበር። ለሊኑክሱ ተሰጠ። ለማዋቀር ከሁሉም ያስቸገረው እሱ ቢሆንም ሲቋረጥ ለምን እንደተቋረጠ የሚጽፈውና መስመሩን ለሌሎች ለማካፈል የተመቸው እሱ ነው። ዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም የራሱ የኢንተርኔት ማጋሪያ አለው፤ ያ ግን የቢሮው ግንኙነት በአንድ ሰው የሥራ ማሽን ላይ እንዲንጠለጠል ያደርጋል።

በኬርነል 2.2 ላይ ማካፈሉ የፓኬት ማጣሪያው የ«አይፒቼይንስ» ሥራ ነው። የማስተላለፊያው ፖሊሲ «ዲናይ» ይደረጋል፣ ከውስጥ ኔትወርክ 192.168.1.0/24 የሚመጣው ብቻ «ማስክ» ይደረጋል (አድራሻው በሊኑክሱ አድራሻ ይሸፈናል)፣ በ«ፕሮክ» ውስጥ ያለው «አይፒ_ፎርዋርድ» 1 ይሆናል። ማኩ ላይ ቲሲፒ/አይፒ ወደ ኤተርኔት ተመለሰ፤ የፒፒፒው ውቅር በስም ስለተቀመጠ አስፈላጊ ሲሆን መልሶ መጥራት ይቻላል። ሁለቱም ማሽኖች ጌትዌያቸው ሊኑክሱ፣ ዲኤንኤሳቸው የወረቀቱ አድራሻዎች ናቸው።

ፒፒፒዲው ላይ «ዲማንድ» እና «አይድል 300» ተጨመሩ፤ ፓኬት ሲመጣ ይደውላል፣ 5 ደቂቃ ምንም ካላለፈ ይዘጋል። አገልግሎት ሰጪው በየጥሪው አዲስ አድራሻ ስለሚሰጥ ጥሪውን የቀሰቀሰው የመጀመሪያው ግንኙነት አሮጌውን አድራሻ ይዞ ይንጠለጠላል። «አይፒ_ዳይንአድር» ላይ 7 መጻፍ ይህን ያቃልለዋል። የወዲያኛው ሞደም ጠፍቶ መስመሩ እንደተያዘ እንዳይቆይ ደግሞ በየ30 ሰከንዱ «አለህ ወይ» የሚል የኤልሲፒ መልእክት እንዲላክና 4 ጊዜ መልስ ከታጣ እንዲዘጋ ተደረገ። እነዚህ የኤልሲፒ መልእክቶች የአይፒ ዳታ ስላልሆኑ የ«አይድል» ቆጠራውን አያቋርጡም።

ፓኬት ማሳነስ የሚወዱ አሉ። ዊንዶውስ 98 በቀርፋፋ ጥሪ ላይ ራሱ ወደ 576 ባይት ያወርደዋል፣ ፒፒፒዲ በ1500 ይሄዳል። በ33600 ወደ ላይ ሲላክ 1500 ባይት 0.36 ሰከንድ ያህል መስመሩን ይይዛል፣ 576 ደግሞ 0.14 ያህል። በትየባ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ይሰማል። ለዚህ ቢሮ፣ ሥራው ኢሜይልና ድረ ገጽ ስለሆነ፣ 1500 ላይ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ማንም ኮምፒውተር ሳይነካ ሞደሙ መደወል ጀመረ። የሚቀሰቅሰው ዊንዶውሱ ነው። የኔትባዮስ ስሞችን (የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን የውስጥ ስም) ፍለጋ ከራሱ ዩዲፒ ፖርት 137 ተነሥቶ ዲኤንኤሱን ይጠይቃል፤ አድራሻው ውጭ ስለሆነ እያንዳንዱ ጥያቄ ስልክ ያስደውላል። ከኤተርኔቱ በኩል የሚገቡና መነሻ ፖርታቸው ከ137 እስከ 139 የሆኑ ፓኬቶች በሊኑክሱ የመግቢያ ሰንሰለት ላይ ተከለከሉ። ክልከላው ሲጻፍ መድረሻው ከውስጥ ኔትወርኩ ውጭ የሆነ ተብሎ መገደብ አለበት፤ አለበለዚያ ሊኑክሱ ላይ ሳምባ (ፋይል ለዊንዶውስ የሚያጋራው ፕሮግራም) ካለ የቢሮው የፋይል ማጋሪያ አብሮ ይቆማል። የዊንዶውሱ የኢሜይል ፕሮግራምም በየ5 ደቂቃው ደብዳቤ እንዲያይ ተደርጎ ነበር፤ ይህ ከ«አይድል 300» ጋር ሲገጥም መስመሩ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ወደ 30 ደቂቃ ተዛወረ።